ሰው መጠቆምና ዋስ መሆን፦ ቃላችን እስከ የት ያስጠይቀናል?

ጅማ ውስጥ አናጺ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የሚከራይ ቤት ወይም ጥሩ ቡና የሚገኘው «ሰው ታውቃለህ?» ተብሎ ነው። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ ከአጂፕ እስከ ቆጪ አሠራሩ አንድ ነው። ጠያቂው ልጁን፣ ቀብዱን ወይም የቤቱን ቁልፍ የሚያስረክበው ለማያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀው እናንተን ነው። ታዲያ አብዛኛው ጠቋሚ በሁለት ቃል ይገላገላል፦ «ጎበዝ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ጎበዝ በምን? የሚያውቁትስ ከየት? የጎረቤት ልጅ ስለሆነ፣ በለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተክል ስላዩት ወይም አንድ መስጊድ ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ከሆነ፣ የሚያውቁት ጠባዩን እንጂ ሥራውን አይደለም። ሥራውን ያየ ሰው ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ ምን ያህል ጊዜ አብሮ እንደቆየና የማያውቀው ምን እንደሆነ ይናገራል። «ባለፈው ክረምት ጣራችንን ቀይሮልናል፣ እስካሁን አላፈሰሰም፣ ቆርቆሮ ነው የሠራው፣ ግንብ ሲሠራ ግን አላየሁም።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር «ጎበዝ ነው» ይሻላል። ጠያቂውም በየትኛው ሥራ እንደሚያምነውና የት ላይ ዓይኑን እንደማይነቅል ያውቃል።

የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ስልኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦

«እትዬ፣ ያቺ እናንተ ቤት የነበረችው ልጅ እንዴት ናት?»

«ውይ፣ ቅን ልጅ ናት፤ እግዜር ይስጣት።»

ምርቃት ነው እንጂ መልስ አይደለም። ጠያቂዋ መጠየቅ ያለባት ስንት ወር ቆየች፣ መቼ ወጣች፣ ለምን ወጣች፣ እንጀራ ብቻዋን ትጋግራለች ወይስ ሰው ሲያግዛት ነው፣ ሕፃን ይዛ ታውቃለች ወይስ ከፍ ያሉ ልጆችን ነው የጠበቀችው፣ የሚለውን ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዛሬ ልመለስ ብትልሽ ትቀበያታለሽ?» እዚህ ላይ የመልሱ ፍጥነት ራሱ ይናገራል። «ወዲያው!» ያለችና «እንግዲህ... አሁን እኮ ሌላ ይዘናል» ያለች ሴት እኩል አልመሰከሩም። ምላሽ ሰጪዋም ብትሆን ያየችውን ጉድለት መሸፈን የለባትም፤ ያላየችውን መጨመርም እንዲሁ። «ስኳር ትወስድ ነበር» ማለት በዓይን ከታየ ይባላል፤ ተጠርጥሮ ከሆነ ግን አይባልም፤ አንዲት ልጅ በአንድ ጥርጣሬ የከተማው በር ሁሉ ሊዘጋባት ይችላል። በሌላው ሰው ስም ላይ ጉዳት የሚያደርስ ንግግር በፍትሐ ብሔር ሕጉም የሚያስጠይቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ሌላው ወገን ነው። ልጅቷን ለቤቱ ስትጠቁሙ ቤቱንም ለልጅቷ እየጠቆማችሁ ነው። ከካፋ ወይም ከዳውሮ መጥታ ከተማውን በማታውቅ ልጅ ላይ የሚደርሰው አደጋ አሠሪዋ ስኳር ከጎደለባት ከሚደርስባት የበለጠ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ የት እንደምትተኛ፣ የማታ ትምህርት ይፈቀድ እንደሆነ፣ በሳምንት የትኛው ቀን እንደምታርፍ፣ በቤቱ ውስጥ እነማን እንዳሉ ተጠይቆ ነው መጠቆም። አሠሪዋ ቀድሞ የነበሩት ሠራተኞች ለምን እንደወጡ መናገር ካልፈለገች፣ ስልክ ቁጥር አለመስጠት ይመረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ አዋጁ የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ በቀጥታ የሚገዛ ባይሆንም፣ ዕድሜዋ አጠራጣሪ የሆነችን ልጅ «ታድጋለች» ብሎ መጠቆም ግን በየትኛውም ሚዛን አያስኬድም።

አናጺ ጥቆማ ላይ ሰው የሚሳሳተው በምርቱ ውበት ነው። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ከአንድ ወጥ እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሩቅም ይታወቃል። ነገር ግን በርጩማ የሚጠርብ እጅና ቁምሳጥን የሚገጥም እጅ አንድ አይደሉም። ከመጠቆማችሁ በፊት የሠራውን ዕቃ ከስድስት ወር በኋላ እዩት፤ ዋንዛው በደንብ ሳይደርቅ ተሰንጥቆ የተሠራ ከሆነ የመጀመሪያው በጋ ላይ በሩ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ መሳቢያው አልወጣም ይላል። ወንበር ከሆነ አዙራችሁ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣት ዳስሱ። በምስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ዓመት አይሞላም፤ ጥርስ ተበጅቶለት በኮላ ከተገጠመ ግን ልጅ ቢፈነጭበትም ይችላል። ቀለምና ቫርኒሽ ይህን ሁሉ ስለሚሸፍን አዲስ ዕቃ አይቶ አናጺ መጠቆም ብዙም ዋጋ የለውም። ሁለተኛው መታየት ያለበት ቀጠሮ ማክበሩ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ነገር ግን ቀብድ ተቀብሎ ለሁለት ወር የሚጠፋ አናጺ ካወቃችሁ፣ ሁለቱንም ንገሩ፦ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ቀን አይጠብቅም፤ ቀብዱን ከሦስት አንድ እጅ አታሳልፍ፣ ሁለተኛውን ክፍያ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ሳይሆን ዕቃው ሲገጣጠም ስጠው።» እንዲህ ሲባል አናጺው አልተሰደበም፤ ደንበኛም አልጠፋበትም።

አሁን ወደ ቡና። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ከጅማ ጥሩ ቡና የሚልክልኝ ነጋዴ ጠቁመኝ» ሲል ስንቱ ነው አምና የጠጣውን ትዝ ብሎት የነጋዴውን ስልክ የሚልክ! ቡና ላይ የሚጠቆመው ነጋዴው ሳይሆን ያ ጆንያ ነው። የጎማ፣ የማና ወይም የሊሙ ገበሬ አምና ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያደረቀውን ዘንድሮ ዝናብ አስቸኩሎት መሬት ላይ አስጥቶት ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) የአፈር ጣዕም ይይዛል፤ በደንብ ሳይገላበጥ በክምር የከረመ ደግሞ ይሻግታል፣ ሽታው ከተቆላ በኋላ እንኳ አይለቅም። የደረቅ ቡና እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ መካከል ሲሆን ነው ለማስቀመጥ የሚመቸው። መለኪያ የሌለው ሰው ፍሬውን በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ጥርስ ምልክት ጥሎበት ከገባ ገና እርጥብ ነው።

እንግዲህ ናሙና ይጠየቃል፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ግማሹን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ጥቁር ፍሬ፣ በነቀዝ የተበሳ፣ የተሰበረ፣ ድንጋይና ገለባ ማየት ነው። ቀለሙ የነጣና የደበዘዘ ከሆነ የከረመ ቡና ነው፤ ከዘንድሮው ጋር ተደባልቆ ከሆነ ሁለት ዓይነት ቀለም ጎን ለጎን ይታያል። ጥቂቱን ቆልቶ ማሽተት፣ ከዚያ ቀምሶ ማየት። ሌላውን ግማሽ በከረጢት አስሮ ቀንና የነጋዴውን ስም ጽፎ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ የተላከው ጆንያ ደርሶ «ይህ እኮ አይደለም» ከተባለ ማወዳደሪያው እሱ ብቻ ነው። ለዘመዱም አስቀድሞ የሚነገር ነገር አለ፦ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ገደማ ይሆናል፣ የቀረው እርጥበትና ገለፈት ነው። ይህ ስላልተነገረ ብቻ «ሰዎችህ ቀነሱብኝ» የሚል ስልክ ይደወላል፣ ነጋዴው በከንቱ ሌባ ይባላል። ነጋዴው ለጠቋሚው በኪሎ የሚቆርጥለት ካለ ደግሞ ይህም መነገር አለበት። ኮሚሽን መብላት ነውር የለውም፤ ኮሚሽን እየበሉ «ለአንተ ብዬ ነው» ማለት ግን አለው።

ከቡና ሳንወጣ፣ ችግኝ ጥቆማ የባሰ ጣጣ አለው፤ ስህተቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ። ከከተማው አጠገብ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1971 አገር ውስጥ የገባውን የቡና ፍሬ በሽታ እንዲቋቋሙ የተመረጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት (እ.ኤ.አ. 1974)፣ ቀሪው ቁጥር እናት ዛፏን ያመለክታል። ጎረቤት «እኔ ዘንድ በደንብ ያዘ» ስላለ ብቻ ሌላ ከፍታ ላይ ያለ ገበሬ ያንኑ ቢተክል ውጤቱ ላይገጥም ይችላል። ቡና ከተተከለ ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላው ፍሬ አይሰጥም፤ በሁለት በሁለት ሜትር ርቀት በሄክታር 2,500 ችግኝ ያስገባ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ጉልበቱና ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ችግኝ የሚጠቁም ሰው የማሳውን ከፍታ፣ ጥላውንና የችግኙን ምንጭ ሳይጠይቅ አፉን አይክፈት፤ ይልቅ ሰውየውን ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይምራው።

ሐኪም ላይ አጭር ነው፦ ጤና ተቋምና የሕክምና ክፍል ይጠቆማል፣ ለእናንተ የታዘዘ መድኃኒት ግን አይጠቆምም፤ ከቤት የተረፈ ክኒን ደግሞ በጭራሽ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከጎደለ ሐሜትና ኩርፊያ ነው የሚያመጣው። ዋስትና ግን ኪስ ይገባል። ሰው «ጠቁመህ የለ፣ እዚህችም ፈርምልኝ» ሲባል ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደዚያ አያያቸውም። ዋስትና በግምት አይኖርም፤ በግልጽና በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ምስክሮችም ይፈርሙበታል። በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ውሉ ዋጋ አይኖረውም። «ለሚያደርሰው ጥፋት ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል የተባዛ ቅጽ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህንኑ የብር ቁጥር ነው። ባዶ ከሆነ ሳትፈርሙ አስሞሉት፤ ፍርድ ቤት ያድነኛል ብሎ ባዶ ቅጽ ላይ መፈረም ግን ራስን ለክርክር ማስመዝገብ ነው።

ቀጥሎ የምትፈልጉት ሐረግ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ነው። ይህ ከተጻፈ አበዳሪው ወይም ቀጣሪው ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል። ተራ ዋስ ከሆናችሁ ግን አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት እንዲፈለግ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ይህን መብት ገና ስትጠየቁ ካላነሣችሁት ግን ሊያልፋችሁ ይችላል። የጊዜ ገደብም አስጽፉ፦ ለአንድ ዓመት ወይም እስከዚህ ቀን ድረስ። ዋስ የሆናችሁለት ሠራተኛ ከገንዘብ ያዥነት ወደ መጋዘን ኃላፊነት ቢዛወር ዋስትናው ይከተለው እንደሆነም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የንብረቱ ዓይነትና መጠን ተለውጧልና። የፈረማችሁትን ወረቀት ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። ባለትዳር ሰው ደግሞ ሳይፈርም ቤቱ ይማከር፤ ዕዳው ሲመጣ የጋራ ንብረትም ሊነካ ይችላል።

ዕቁብ ላይ ሒሳቡ በግልጽ ይታያል። ሃያ ሰው በሳምንት 2,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ድምሩ 40,000 ነው። እናንተ ያስገባችሁት ሰው በሦስተኛው ሳምንት ዕጣ ቢወጣለት የጣለው 6,000 ብቻ ነው፤ ገና 17 ሳምንት፣ ማለትም 34,000 ብር ይቀረዋል። ዋሱ የፈረመው በዚህች 34,000 ላይ ነው። ያው ሰው በ12ኛው ሳምንት ቢወጣለት የዋሱ አደጋ ወደ 16,000 ይወርዳል። ስለዚህ ለአዲስ አባል ዋስ የሚሆን ሰው ሰብሳቢውን «ይህ ሰው ከአጋማሽ በኋላ ብቻ ዕጣ ውስጥ ይግባ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ ዕቁብ ይህን ቢቀበል ሐቀኛውም አይጎዳም። ጸሐፊው አንድ ሳምንት ሳይከፈል ባለፈ ቁጥር ለዋሱ እንዲደውልም ከመጀመሪያው ይነገረው፤ ዋስ ዘግይቶ ሲሰማ ነው ዕዳው የሚቆለለው።

የጽሑፍ ድጋፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ግዴታ፣ ሌላው ፈቃድ። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ አዋጅ 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ተኮራርፈው ተለያዩ ተብሎ ይህን መከልከል ትክክል አይደለም፤ ጠባዩን ማወደስም ግን አይጠበቅባችሁም። ሁለቱን ደባልቆ «ታታሪ፣ ቅንና ታማኝ» የሚል መደበኛ መዝጊያ ለሁሉም የሚያትም ቢሮ፣ አንድ ቀን በእርግጥ ታታሪ ለሆነ ሰው የሚጽፈው ያጣል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በነጻ የትምህርት ዕድል ወቅት የሚጠየቁት የድጋፍ ደብዳቤ የፈቃዱ ዓይነት ነው። «አንተው ጻፈውና ልፈርምልህ» የሚለው ልማድ ደብዳቤውን ባዶ ያደርገዋል፤ ተማሪው ስለ ራሱ ትልልቅ ቃል ይጽፋል፣ መምህሩ ያያቸው ጥቃቅን ማስረጃዎች ግን አይገቡም። የሚሻለው ተማሪው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት መጥቶ የውጤት ዝርዝሩን፣ የትምህርት ዕድሉን መግለጫና የመጨረሻ ቀኑን እንዲሰጥ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። በመጀመሪያ አንቀጽ የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው ዓመት እንዳስተማሩት፤ በሁለተኛው በዓይን የታየ አንድ ሥራ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የታወቀ ስለሆነ ይህ ማስረጃ አይጠፋም፦ መጠይቁን ማን እንዳዘጋጀ፣ ቤት ለቤት ሲዞር ማን እንዳልተሰላቸ፣ መረጃው ሲዛባ ማን እንዳስተካከለ። «ከክፍሉ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ» የሚባለው መዝገብ ተገልጦ ብቻ ነው። ደብዳቤውም ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይላክ፤ ከግል አድራሻ የመጣ ደብዳቤ ብዙ ቦታ ይጠረጠራል።

እምቢ ማለት የማይችል ሰው መጠቆም የለበትም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ነው የሚፈትነው፤ የአጎት ልጅ ነው፣ አብሮ አደግ ነው፣ እናቱ ቡና አጣጭ ናት። ሰውን ሳያስከፉ የሚባል ነገር ግን አለ፦ «ሥራውን ስላላየሁ ልመሰክርለት አልችልም፤ ስልኩን ግን ልስጥህና ራስህ አነጋግረው።» ለራሱ ለጠያቂው ወጣትም በግንባር መናገር ነው፦ «የዚህ ሥራ ልምድህን አላውቅም፣ አብራችሁ የሠራችሁትን ሰው ብታስጠራ ይበልጥ ይጠቅምሃል።» ለብ ያለ ድጋፍ ከእምቢታ ይልቅ ይጎዳዋል፤ ቀጣሪዎች «ጨዋ ልጅ ነው» ብቻ ሲባል ሌላው ለምን እንደተዘለለ ይገባቸዋል።

ከጠቆሙ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ከሳምንት በኋላ ለሁለቱም መደወል፣ ከወር በኋላ ደግሞ እንደገና። በመሃል አዲስ ነገር ከሰማችሁ፣ ለምሳሌ አናጺው የሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መጥፋቱን፣ ገንዘብ ሳይወጣ በዚያው ቀን ደውላችሁ «ያን ጊዜ ያልኩህን አንስቻለሁ» በሉ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ማስጠንቀቂያው ለወሬ ካልሆነ አይሆንም። ነገሩ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ይህ ነው። የምታውቁትን ጉድለት ደብቃችሁ ከሆነ ከኪሳራው መካፈል ይገባችኋል፣ ሕግ ባያስገድድም። ያያችሁትንና ያላያችሁትን ለይታችሁ ተናግራችሁ ከሆነ ግን ገንዘብ አይጠበቅባችሁም፤ የሚጠበቅባችሁ ሰውየውን መፈለግ፣ ሁለቱን ማገናኘትና ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ያን ቀን ያላችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ መድገም ነው።